የራሱን ወገን የተቸ ሐያሲ፦ ሊዮኔል ትሪሊንግ

ሊዮኔል ትሪሊንግ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ካፈራቻቸው የሥነ ጽሑፍ ሐያስያን መካከል ስሙ ከዩኒቨርሲቲ አጥር ዘልቆ ተራው አንባቢ ዘንድ የደረሰ ሰው ነው። በኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከ1932 ጀምሮ አርባ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምሯል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንደ ሌሎች የዘመኑ ስመ ጥር ሐያስያን የራሱን ንድፈ ሐሳብ አልቀመረም፤ ግጥም በምን ዘዴ መተንተን እንዳለበት መመሪያ አላወጣም፤ በስሙ የሚጠራ የሂስ ፈለግም አልተወም። የጻፈው በዋናነት መጣጥፍ ነው። የመጣጥፎቹ ልዩ ጠባይ ደግሞ የሂሱ ስለት በአብዛኛው ያረፈው እርሱ ራሱ በሚቆጠርበት ወገን ላይ መሆኑ ነው።

የተወለደው ጁላይ 4 ቀን 1905 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ኩዊንስ በተባለው የከተማዋ ክፍል ነው። አባቱ ዴቪድ ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር ከነበረችው፣ ዛሬ የፖላንድ ከተማ ከሆነችው ቢያሊስቶክ የመጣ አይሁዳዊ ነበር። በቤተሰቡ ሲነገር የኖረው ታሪክ እንደሚለው፣ ዴቪድ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ምኩራብ ውስጥ ቆሞ የደረሰውን የመጽሐፍ ክፍል ሲያነብ ጠፍቶበት አቋረጠ፤ ኀፍረቱ ከባድ ስለነበረም ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ላከው። እዚያ ልብስ ሰፊ፣ በኋላም ውስጡ ጸጉር የለበሰ የወንድ ካፖርት የሚያሠራ ነጋዴ ሆነ። እናቱ ፋኒ ተወልዳ ያደገችው ለንደን ሲሆን የእንግሊዝ ልቦለዶችን አብዝታ ታነብ ነበር። ልጇ አንድ ቀን ከኦክስፎርድ ዶክትሬቱን እንደሚያገኝ ገና በሕፃንነቱ ወስና ነግራዋለች። በኋላ ዘመን ትሪሊንግን ያዩ ሰዎች ከአነጋገሩና ከአለባበሱ ተነሥተው እንግሊዛዊ ጨዋ ይመስላል ይሉ ነበር። አንዳንዱ ይህን እንደ ማስመሰል ቢቆጥረውም፣ የእናቱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ አይደነቅም።

በ1921፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ኮሎምቢያ ገባ። በዚያን ጊዜ ጆን ኧርስኪን የተባለ መምህር ከሆሜር ጀምሮ ያሉትን የምዕራቡን ዓለም ታላላቅ መጻሕፍት በሳምንት አንድ እያነበቡ ጥቂት ተማሪዎች የሚወያዩበት ኮርስ ከፍቶ ነበር፤ ትሪሊንግ የዚህ ክፍል ተማሪ ሆነ። ተማሪዎቹ ስለ መጻሕፍቱ የተጻፈውን የሊቃውንት ጥናት ትተው መጻሕፍቱን በቀጥታ እንዲጋፈጡ ይደረግ ነበር፤ ይህ ልማድ ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም። በ1925 የመጀመሪያ፣ በ1926 ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው «ሜኖራ ጆርናል» በተባለ የአይሁድ መጽሔት ላይ አጫጭር ልቦለዶችንና የመጻሕፍት ግምገማዎችን ማውጣት ጀመረ። ቀጥሎ አንድ ዓመት በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ወደ ኒውዮርክ ተመልሶም በሃንተር ኮሌጅ የማታ ተማሪዎችን ያስተምር ነበር።

በጁን 1929 ዳያና ሩቢን የተባለች ወጣት አገባ። እርሷም በኋላ በራሷ ስም የታወቀች ሐያሲ ሆናለች። ጋብቻቸው ከተፈጸመ ወራት ሳይቆይ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ወደቀ፤ የአባቱ ንግድ ከሰረ፤ የወላጆቹ ኑሮ በልጁ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ዳያናም በጠና ታመመች። ብዙ የኒውዮርክ ወጣት ምሁራን በዚያ ወቅት እንዳደረጉት ባልና ሚስቱ ወደ ኮሚኒስቶቹ ተጠጉ፤ ነገር ግን ቆይታቸው አጭር ነበር። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ብዙም ሳይርቁ የስታሊንን ሥርዓትና ለእርሱ የሚሟገቱትን አሜሪካውያን ከሚቃወሙት ጎራ ተሰለፉ። ከ1937 በኋላ የትሪሊንግ ጽሑፎች ዋና መውጫ የሆነው «ፓርቲዛን ሪቪው» የተባለው መጽሔት የዚሁ ጎራ ልሳን ነበር፤ ግራ ዘመም፣ ነገር ግን ጸረ ስታሊን።

ኮሎምቢያ በ1932 በጀማሪ መምህርነት ቀጥሮት ነበር። ቅጥሩ በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን፣ በ1936 የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ ከዚያ በኋላ እንደማያድሰው ነገረው። ዳያና በኋላ እንደጻፈችው የተሰጠው ምክንያት የፍሮይድ ተከታይ፣ ማርክሲስትና አይሁዳዊ ስለሆነ ሌላ ቦታ ቢሄድ የበለጠ ይመቸዋል የሚል ነበር። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አይሁዳዊን ሒሳብ ወይም ሳይንስ እንዲያስተምር ይቀጥሩ ይሆናል፤ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ግን የአንግሎ ሳክሰን ክርስቲያኖች ርስት ተደርጎ ይታይ ነበር። ለስላሳና ቁጥብ ተብሎ የሚታወቀው ትሪሊንግ ያን ጊዜ ያደረገው ነገር የሚያውቁትን ሁሉ አስገርሟል። ወደ ትምህርት ክፍሉ ነባር መምህራን ቢሮ አንድ በአንድ እየገባ፣ እርሱን ማሰናበት ታላቅ ስሕተት እንደሆነና የሚያጡት ሰው የመሥሪያ ቤታቸው ኩራት የሚሆን ሰው እንደሆነ ፊት ለፊት ተናገራቸው። ውሳኔው ተነሣ። ለዓመታት ሲጎተት የነበረው የዶክትሬት ጽሑፉም ከዚያ ወዲህ ተቃና።

ጽሑፉ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ገጣሚና ሐያሲ በማቲው አርኖልድ ላይ የተሠራ ነው። በ1939 መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ለኒኮላስ መሪ በትለር ደረሰ፤ በትለርም ወደደው። በዚያው ዓመት ትሪሊንግን የረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረግ የሰጠው በራሱ ሥልጣን ነው። በዚህም ትሪሊንግ በኮሎምቢያ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ቋሚ ቦታ ያገኘ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ሆነ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮሎምቢያ የሚቀበላቸውን የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር ለመቀነስ የመግቢያ ደንቡን ያጠበቀው በዚሁ በበትለር አስተዳደር ዘመን መሆኑ ነው። ትሪሊንግ በ1948 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ።

ከአርኖልድ የወሰደው ዋና ነገር ሥነ ጽሑፍ ሕይወትን የሚመዝን ሂስ ነው የሚለውን እምነት ነው። በ1943 ያወጣው ሁለተኛ መጽሐፉ በእንግሊዛዊው ልቦለድ ደራሲ በኢ. ኤም. ፎርስተር ላይ ሲሆን፣ አጭር ቢሆንም አሜሪካ ውስጥ ብዙም የማይነበበውን ፎርስተርን ለሰፊው አንባቢ ያስተዋወቀ ነው። ትሪሊንግን ከፎርስተር ጋር ያቆራኘው፣ ደራሲው በክፉና በደግ መካከል ባለው ትግል ላይ ብቻ የማያተኩር መሆኑ ነው። ፎርስተር ደግ ለመሆን የሚጥሩ ሰዎች በደግነታቸው ውስጥ ምን ዐይነት ትዕቢት፣ ምን ዐይነት ጭካኔ ሊሸሽጉ እንደሚችሉ ያሳያል። ትሪሊንግ ይህን የሞራል እውነታዊነት ብሎ ጠራው። ቀጥሎ ለጻፈው ሁሉ መሠረት የሆነውም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ጊዜ ምኞቱ ሌላ ነበር፤ የልቦለድ ደራሲ መሆን ይፈልግ ነበር። በ1943 ያወጣው አንድ አጭር ልቦለድ በሁለት ተማሪዎች መካከል የተያዘን የኮሌጅ መምህር ይተርካል፤ አንደኛው ተማሪ አእምሮው እየታወከ የሚሄድ ብሩህ ልጅ ነው። ብዙ አንባቢዎች ይህ ገጸ ባሕርይ ገጣሚው አለን ጊንስበርግ ነው ብለው ሲያወሩ ኖረዋል። ጊንስበርግ ግን ኮሎምቢያ የገባው ራሱ ታሪኩ በታተመበት ዓመት ነው።

ብቸኛ የሆነው ያለቀ ልቦለዱ «የጉዞው አጋማሽ» በ1947 ወጣ። ጆን ላስኬል የተባለ ሰው ከቀይ ትኩሳት ሕመም ሊያገግም ወደ ኮነቲከት ገጠር፣ ክሩም ወደሚባሉ ባልና ሚስት ወዳጆቹ ዘንድ ይሄዳል። ክሩሞች ለኮሚኒስት ፓርቲ ልባቸው ያደላ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ላስኬል ሊሞት ተቃርቦ እንደነበር ሊያጫውታቸው ሲሞክር ግን ወሬውን ይሸሹታል። ስለ ብሩህ መጪ ዘመን በሚያስቡበት ቤት ሞት ስፍራ የለውም። ተላላኪያቸውን ዳክ ካልድዌልን የሠርቶ አደሩ መደብ ሕያው ምሳሌ አድርገው ያደንቁታል፤ ሰውዬው ግን ሰካራምና የማይታመን ነው፤ በመጨረሻም ልብ ሕመምተኛ የሆነች የገዛ ልጁን ሰው ፊት መትቷት ትሞታለች። በዚህ መካከል ጊፎርድ ማክሲም የተባለ የፓርቲው የምሥጢር ሠራተኛ ፓርቲውን ከድቶ፣ ነፍሱን ፈርቶ ይመጣል።

ማክሲም የተቀዳው ዊተከር ቼምበርስ ከተባለ ሰው ነው፤ ትሪሊንግ በ1920ዎቹ ከኮሎምቢያ ያውቀው ነበር። ልቦለዱ ሲወጣ ብዙ ትኩረት አላገኘም። በ1948 ግን ቼምበርስ በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አልጀር ሂስ የተባለውን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቀድሞ ባለሥልጣን ኮሚኒስት ነበር ሲል ከሰሰ፤ አሜሪካም በሁለት ጎራ ተከፈለች። የሂስ ጠበቃ ትሪሊንግ በቼምበርስ ላይ እንዲመሰክር ጠየቀው። ትሪሊንግ እምቢ አለ፤ ቼምበርስ የክብር ሰው እንደሆነም ነገረው። ብዙ የግራ ወገን ሰዎች ይህን አልወደዱለትም። ሂስ በጃኑዋሪ 1950 በሐሰት ምስክርነት ተፈረደበት።

ትሪሊንግን ዝነኛ ያደረገው «ሊበራላዊው ምናብ» የወጣው በዚያው በ1950 ነው። መጽሐፉ ባለፉት አሥር ዓመታት በየመጽሔቱ ያወጣቸው መጣጥፎች ስብስብ ነው፤ ስለ ሄንሪ ጄምስ፣ ስለ ማርክ ትዌይን «ሃክልቤሪ ፊን»፣ ስለ ፍሮይድ፣ የአሜሪካውያንን የወሲብ ሕይወት በቁጥር ስላቀረበው የኪንሲ ሪፖርት ሁሉ ይናገራል። እንዲህ ያለ ስብስብ ከሰባ ሺህ በላይ ቅጂ በጠንካራ ሽፋን፣ ከመቶ ሺህ በላይ ደግሞ በለስላሳ ሽፋን መሸጡ ዛሬ ለማመን ይከብዳል።

በአሜሪካ አነጋገር ሊበራል ማለት መንግሥት ለድሃው መድረስ አለበት፣ ሰው በዘሩና በእምነቱ መበደል የለበትም፣ ኅብረተሰብ በዕውቀትና በዕቅድ ሊሻሻል ይችላል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ትሪሊንግ ራሱ ይህን ያምን ነበር። መጽሐፉ የሚነሣው በወቅቱ አሜሪካ ውስጥ ከዚህ ሌላ በቁም ነገር የሚታይ የአስተሳሰብ ወግ የለም ከሚል ግምት ነው። ተፎካካሪ የሌለው ሐሳብ ደግሞ ይሰንፋል። የሊበራሉ ግብ የሰዎችን ኑሮ ማሻሻል ነው፤ ለዚህም ሕግ፣ መሥሪያ ቤት፣ ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ እነዚህ እንዲሠሩ ደግሞ ሰውን በክፍል በክፍል መመደብ፣ ስሜቱንና ፍላጎቱን ማቅለል ግድ ይሆናል። ውሎ አድሮ ቀለል ተደርጎ የተሳለው ሰው እውነተኛው ሰው ይመስላል። ትሪሊንግ ልቦለድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው ይላል፤ ሰው ምን ያህል የተወሳሰበ፣ ከራሱ ጋር የሚጣላ፣ የሚፈልገውን የማያውቅ ፍጡር እንደሆነ ከልቦለድ ይልቅ በሙሉነት የሚያስታውስ ነገር የለምና።

ይህን ያሳየበት የመጀመሪያው መጣጥፍ በቨርነን ፓሪንግተን ላይ ነው። የፓሪንግተን የአሜሪካ አስተሳሰብ ታሪክ በየኮሌጁ ይነበብ የነበረ መጽሐፍ ነው። ለፓሪንግተንና ለተከታዮቹ እውነታ ማለት የሚዳሰስ፣ ሸካራ፣ ድህነትና ጉልበት ያለበት ነገር ነው። ስለዚህም ስለ ፋብሪካና ስለ ምንዱባን በሻካራ ቋንቋ የጻፈው ቴዎዶር ድራይዘር ድክመቱ ሁሉ ይታለፍለታል፤ የሀብታሞችን ሳሎንና የኅሊና ውጣ ውረድ በረቂቅ ዐረፍተ ነገር የጻፈው ሄንሪ ጄምስ ግን ከእውነታ የሸሸ ተብሎ ይወቀሳል። ትሪሊንግ የሚጠይቀው፣ አእምሮስ የእውነታ አካል አይደለም ወይ? ብሎ ነው። የድራይዘር ሐሳብ ደካማ ሲሆን ቅንነቱ እንደ ምትክ መቆጠሩ፣ የጄምስ አስተዋይነት ደግሞ እንደ ኃጢአት መታየቱ ለእርሱ የፖለቲካ አደጋ ነበር፤ ማሰብን የሚጠረጥር ለውጥ ፈላጊ የሚያመጣው ለውጥ ምን እንደሚሆን በስታሊን ሩሲያ ታይቷል።

ሲግመንድ ፍሮይድንም የሚያነበው በዚሁ ዐይን ነው። በዘመኑ ብዙዎች ደራሲን እንደ በሽተኛ፣ ድርሰቱንም እንደ ሕመም ምልክት ለማየት ፍሮይድን ይጠቀሙበት ነበር። ትሪሊንግ ይህን አልተቀበለም፤ ሕመም ሁሉም ሰው ዘንድ አለ፣ ደራሲውን ልዩ የሚያደርገው ሕመሙን ቅርጽ መስጠት መቻሉ ነው ይላል። ከፍሮይድ የወደደው ሰው በሥልጣኔ ውስጥ መኖር የሚችለው ዋጋ ከፍሎ ነው የሚለውን ጨለም ያለ አመለካከት ነው።

ወቀሳ አልጠፋም። በ1956 ጆሴፍ ፍራንክ የተባለ ሐያሲ፣ ትሪሊንግ ሊበራሎችን በመተቸት ስም ወደ ወግ አጥባቂነት እየተንሸራተተ ነው ሲል ጻፈ። ውስብስብነትን ሁልጊዜ ማወደስ ውሎ አድሮ ምንም ላለማድረግ ምክንያት ይሆናል የሚሉም ነበሩ፤ ይህ ወቀሳ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አሜሪካን ያናወጠው የጥቁሮች የመብት ትግል በመጣጥፎቹ ውስጥ ያለው ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። «እኛ እንዲህ እናስባለን» እያለ ሲጽፍም «እኛ» የሚላቸው በአብዛኛው የተማሩ የኒውዮርክ መካከለኛ መደብ ሰዎች ናቸው።

ማርች 26 ቀን 1959 ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ውስጥ ለገጣሚው ሮበርት ፍሮስት ሰማንያ አምስተኛ ልደት ግብር ተዘጋጀና ትሪሊንግ ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። ፍሮስት በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ የገጠር ሽማግሌ፣ የመጽናናትና የቀደመው ደግ ዘመን ገጣሚ ነበር። ትሪሊንግ ተነሥቶ ለረጅም ጊዜ ይህን ፍሮስት እንዳልወደደው፣ አሁን የሚያደንቀው ሌላውን እንደሆነ ተናገረ፤ ባዶነትንና ብቸኝነትን ያለ ማባበያ የሚያሳየውን፣ የሚያስፈራውን ገጣሚ። ከጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ከሶፎክልስም ጋር አነጻጸረው። በኒውዮርክ ታይምስ የመጻሕፍት አምድ ላይ አንድ ጸሐፊ ትሪሊንግን በቁጣ ዘለፈው፤ በርካታ አንባቢዎችም ደብዳቤ እየጻፉ ተባበሩ። ፍሮስት ራሱ ግን አልተቀየመም፤ ለትሪሊንግ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፈለት። ዛሬ ፍሮስትን በጥሞና የሚያነብ ሰው በአብዛኛው የሚያነበው ትሪሊንግ ባመለከተው መንገድ ነው።

በመምህርነቱ ከታሪክ ጸሐፊው ከዣክ ባርዙን ጋር ሆኖ ለብዙ ዓመታት የሰጠው ውይይት ተኮር ኮርስ ስም አትርፏል። ሁለቱ ከገጣሚው ደብልዩ. ኤች. ኦደን ጋር ሆነው ከ1951 ጀምሮ ለአባላቱ ምርጥ መጻሕፍት የሚልክ የመጻሕፍት ክበብ መርተዋል። ከተማሪዎቹ መካከል ኖርማን ፖዶረትዝ፣ ጆን ሆላንደር፣ ስቲቨን ማርከስ የታወቁ ጸሐፊዎች ሆነዋል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ከጊንስበርግ ጋር የነበረው ግንኙነት ነው። ጊንስበርግ በ1945 በማደሪያው መስኮት አቧራ ላይ ጸያፍ ቃላት ጽፎ ሲገኝ ትሪሊንግ ቆመለት። በ1949 ወጣቱ ከሌቦች ጋር የተሰረቀ ዕቃ በያዘ መኪና ውስጥ ሆኖ ከደረሰበት አደጋ በኋላ ሲያዝ፣ መምህራኑ ተሯሩጠው ከእስር ይልቅ ወደ አእምሮ ሕክምና ተቋም እንዲገባ አደረጉ፤ ትሪሊንግም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ጊንስበርግ በዚያ ተቋም ካገኘው ሰው ጋር ያፈራው ወዳጅነት «ጩኸት» ለተባለው ግጥሙ መነሻ ሆነ። በ1956 ጊንስበርግ ግጥሙን ሲልክለት ትሪሊንግ ምንም እንዳልወደደው፣ እንዲያውም አሰልቺ እንደሆነበት መለሰለት። ወዳጅነታቸው በዚህ አልተቋረጠም።

ሁሉም ተማሪ እንዲህ አልቀረበውም። በኋላ በዚያው ትምህርት ክፍል ፕሮፌሰር የሆነችው ካሮሊን ሃይልብረን ትሪሊንግ በሐሳቧ ላይ የነበረውን ከፍተኛ ተጽዕኖ ስትመሰክር፣ ሴት ምሁርን ግን እንደ እኩያ ለማየት እንዳልቻለም በግልጽ ጽፋለች።

ከ1960ዎቹ ወዲህ የትሪሊንግ ጽሑፎች ድምፅ ይለወጣል። በ1961 ባወጣው አንድ መጣጥፍ ውስጥ ዘመናዊውን ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ለምን እንደሚከብደው ያብራራል። ዶስቶየቭስኪ፣ ኒቼ፣ ኮንራድ፣ ቶማስ ማን የጻፉት ሥልጣኔን ከሥሩ የሚነቅል ነገር ነው፤ አንባቢን ሊያናጋ ይገባዋል። ተማሪዎቹ ግን በእርጋታ አንብበው፣ በደንብ የተደራጀ የፈተና መልስ ጽፈው፣ ጥሩ ውጤት አግኝተው ይሄዳሉ። አመፅ የሥርዓተ ትምህርት ክፍል ሆነ፤ ሁሉም ከኅብረተሰቡ ጋር የተጣላ ነኝ የሚልበት ዘመን ሲመጣ መጣላቱ ራሱ ወግ ይሆናል። ይህ መጣጥፍ የተካተተበት «ከባህል ባሻገር» በ1965 ወጣ። በ1964 እና 1965 ትሪሊንግ በተጋባዥ ፕሮፌሰርነት ኦክስፎርድ ከርሟል፤ የእናቱ ትንቢት በሌላ መንገድ ተፈጸመ ማለት ይቻላል። በ1968 የጸደይ ወራት የኮሎምቢያ ተማሪዎች ሕንጻዎችን ይዘው ፖሊስ በኃይል ሲያስወጣቸው ትሪሊንግ የሚፈራው ነገር ግቢው ድረስ መጣ።

በ1969 እና 1970 በሃርቫርድ የሰጣቸው ተከታታይ ንግግሮች በ1972 «ሐቀኝነትና ራስን መሆን» በሚል ርእስ ታተሙ። ብዙዎች ምርጥ ሥራው ይሉታል። ከሼክስፒር «ሃምሌት» ተነሥቶ፣ በዲድሮ «የራሞ የወንድም ልጅ» እና በሄግል በኩል እስከ ራሱ ዘመን ይዘልቃል። የሚከታተለው አንድ ለውጥ ነው። ቀድሞ ከሰው የሚጠበቀው በሰው ፊት የሚናገረው ከልቡ ጋር እንዲገጥም ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ሰው ከማኅበረሰቡ የተሰጠውን ሚና ሁሉ አውልቆ የራሱን ጥሬ ማንነት እንዲያወጣ ተፈለገ። በመጨረሻ ትሪሊንግ እብደትን እንደ ነጻነት የሚያወድሱትን የዘመኑን አሳቢዎች ይዞ ይሟገታል። የራሱ ተማሪ በአእምሮ ሕክምና ተቋም ሲከርም ያየ ሰው እብደትን ማወደስ ቀላል አይሆንለትም።

በዚያው በ1972 የአሜሪካ መንግሥት የሰብአዊ ጥናቶች ድርጅት ያቋቋመውን የጄፈርሰን ንግግር የመጀመሪያ ተናጋሪ ሆነ። ኖቬምበር 5 ቀን 1975 በቆሽት ካንሰር በሰባ ዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ። ዳያና ሥራዎቹን በአሥራ ሁለት ቅጽ አሰናድታ ከ1977 እስከ 1980 አሳተመች፤ በ1993 ያወጣችው የትዳራቸው ማስታወሻም ባሏን ሰዎች ከሚያውቁት በላይ በትካዜ የሚሠቃይ ሰው አድርጎ ያሳያል። ከሞቱ በኋላ ከግል ማስታወሻዎቹ ተቀንጭቦ የታተመው ክፍል በሐያሲነቱ ያገኘው ዝና ደራሲ ባለመሆኑ የተሰማውን ቁጭት እንዳላስረሳው ይናገራል። ጀምሮ የተወው ሁለተኛ ልቦለድ ከወረቀቶቹ መካከል ተገኝቶ በ2008 ታተመ፤ «ሊበራላዊው ምናብ»ም በዚያው ዓመት እንደገና ወጥቷል። የኮሎምቢያ ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው መምህራን ለአንዱ መጽሐፍ በየዓመቱ የሚሰጡት ሽልማትም በትሪሊንግ ስም የተሰየመ ነው።